የናሙና ቱቦ ላይ ስለሚጻፈው ቀን

ወደ ላቦራቶሪ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች፣

የአንድ ሰው ኤችአይቪ የዘረ መል ቅደም ተከተል ኮምፒውተራችሁ ላይ ሲወጣ «የዚህ ሰው ቫይረስ ይህ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። የምታዩት ደሙ በተቀዳበት ቀን የነበረውን ብቻ ነው። ሕክምና ካልጀመረ፣ ከስድስት ወር በፊት የነበረው ሌላ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚገኘውም ሌላ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የሚለዋወጠው የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን ነው። ጂፒ120 የሚባለው ክፍሉ ነጭ የደም ሴል ላይ ያለውን ሲዲ4 የሚባል ፕሮቲን ይይዛል፤ ጂፒ41 ቫይረሱን ከሴሉ ጋር ያዋህዳል። ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሱን ማምከን የሚችሉት እዚህ ፕሮቲን ላይ ሲያርፉ ስለሆነ የእነሱ ጫና እዚህ ይበረታል። ቫይረሱ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ሲገለብጥ ስህተቱን አያርምም፤ ሕክምና ባልጀመረ ሰው ውስጥ ደግሞ በየቀኑ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ቫይረስ ይፈጠራል። ብዙዎቹ ስህተቶች ራሱን ቫይረሱን ያጠፉታል። ጥቂቶቹ ግን ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘውን ቦታ ይለውጣሉ፤ ወይም ፕሮቲኑን ከሸፈነው የስኳር ጋሻ አንዷን ሰንሰለት ነቅለው ሌላ ቦታ ይተክላሉ። ከጂፒ120 ክብደት ግማሽ ያህሉ ይኸው ስኳር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ዛሬም የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። የታማሚው የዛሬ ሴረም፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካላቱን የያዘው የደሙ ፈሳሽ፣ ከወራት በፊት የነበረውን የራሱን ቫይረስ ያመክናል፤ የዛሬውን ግን ብዙውን ጊዜ አያመክንም። ሰውነቱ አልሰነፈም፤ ሲደርስበት ቫይረሱ ቦታውን ለቆ ሄዷል። ይህን ማየት የሚቻለው ከአንድ ሰው በተለያየ ጊዜ የተቀዳ፣ ቀኑ የተጻፈበት ናሙና ሲኖር ነው።

በአሜሪካ ዘጠኝ ወንዶችን ከ6 እስከ 12 ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመነሻው ቫይረስ በዓመት 1 በመቶ ያህል እንደሚርቅ አሳየ። በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ደግሞ ካፕሪሳ የተባለው የኤድስ ምርምር ማዕከል የሚከታተላቸው ሴቶች ለዓመታት ደም ሰጡ። ከመካከላቸው በሁለቱ ውስጥ ቫይረሱ ከጥቃት ሲሸሽ በፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ ቁጥር 334 ላይ የነበረውን ስኳር ወደ ቁጥር 332 አዛወረው። አዲሱ ቦታ ግን ብዙ ዓይነት ቫይረስ የሚያመክኑ ፀረ እንግዳ አካላት የሚያርፉበት ሆነ። የክትባት ተመራማሪዎች ይህን በቁም ነገር ይዘውታል።

እኛም የራሳችን አለን። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። በምዕራባውያን አገሮች በተለመደው የቢ ዓይነት ቫይረስ፣ በሽታው ሲገፋ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህል ውስጥ ፕሮቲኑ ሲሲአር5 የሚባለውን የሴል መግቢያ ትቶ ሲኤክስሲአር4ን መጠቀም ይጀምራል። በእኛ አገር በብዛት ያለው የሲ ዓይነት ነው፤ የኢትዮጵያ ታማሚዎች ሲመረመሩ ይህ ሽግግር ጥቂቶች ላይ ብቻ ታየ። በሌላ አገር ቫይረስ ላይ የተጻፈን መማሪያ ሳትመረምሩ ለእኛ ሰው አታውሉ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሎችን ጎን ለጎን ስትደረድሩም የሚደረድረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ አትመኑ። የፕሮቲኑ ተለዋዋጭ ቀለበቶች ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ፤ ፕሮግራሙ ርዝመታቸውን ለማስተካከል የሚጨምረውን ክፍተት ያለ ቦታው ያስገባል። በዓይናችሁ ተመልከቱት።

ቱቦው ላይ ቀን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 5/3/1995 የተባለውን አንዱ እንደ ፈረንጅ ቀን ቢያነበው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ይሳሳታል። በዓመት 1 በመቶ ለሚለወጥ ጂን ይህ ጥናቱን በሙሉ የሚያበላሽ ስህተት ነው።

ዛሬ ሰው ቫይረሱ በደሙ እንደተገኘ መድኃኒት ይጀምራል፤ መባዛቱ ሲገታ የፕሮቲኑ ለውጥም ይቆማል። እንዲህ መሆኑ ትልቅ ደስታዬ ነው። ስለዚህም ከሕክምናው በፊት የተሰበሰቡትን ተከታታይ ናሙናዎች ማንም ዳግመኛ ሊሰበስብ አይችልም፤ ሊሰበስብም አይገባውም። ደሙን ከሰጡት ብዙዎቹ መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው አርፈዋል። በምትሠሩበት ቤት እንዲህ ያለ ናሙና ካለ ዝርዝሩን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ማቀዝቀዣው ከጄኔሬተሩ ጋር መያያዙን፣ መብራት ሲቋረጥ ማን እንደሚደወልለትም አረጋግጡ።