ባሌት ዘግይቶ ጀምሮ ኮሪዮግራፈር (የዳንስ ፈጣሪ) መሆን ይቻላል ወይ ላልሽው

«20 ዓመቴ ነው፣ ባሌት የጀመርኩት አምና ነው፣ ኮሪዮግራፈር መሆን እፈልጋለሁ፤ አልረፈደብኝም?» ብለሻል እህቴ። እኔ በ19 ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው አስተማሪዬ ቁርጭምጭሚቴን አየት አድርጎ «ለምን አትተወውም?» ብሎኛል። ስለዚህ ጥያቄሽ በደንብ ይገባኛል።

ኮሪዮግራፈሩን ዊሊያም ፎርሳይትን እይ። በ1949 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኒውዮርክ ተወለደ። ባሌትን የምሩን የተማረው ግን ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። በ1973 ጀርመን ሄዶ ሽቱትጋርት ባሌት ውስጥ ጨፈረ፣ በ1976 የመጀመሪያ ሥራውን እዚያው ሠራ። ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ፍራንክፈርት ባሌትን 20 ዓመት መራ።

በ1987 የፓሪስ ኦፔራ ባሌት ዳይሬክተር የነበረው ዳንሰኛው ኑሬየቭ ለቡድኑ ሥራ አዘዘው። ባዶ መድረክ፣ የቶም ቪለምስ ብረት ብረት የሚል ሙዚቃ፣ የ22 ዓመቷ ዳንሰኛ ሲልቪ ጊለም። ከላይ ሁለት በወርቅ የተቀቡ ቼሪዎች ተንጠልጥለዋል። የሥራው ስም ራሱ የተሰቀሉበት ቦታ ነው፦ «መሃል ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ»። በቃ! ስም ሲያወጣ እንኳ አይጨነቅም።

እኔን የለወጠኝ ግን የፎርሳይት የኢምፕሮቪዜሽን (አስቀድሞ ሳያዘጋጁ እዚያው እንቅስቃሴ የመፍጠር) ልምምድ ነው፤ በ1990ዎቹ በሲዲ ሳይቀር አዘጋጅቶታል። ክርንሽንና ጉልበትሽን የሚያገናኝ የማይታጠፍ ዘንግ አለ ብለሽ ታስቢያለሽ። ጉልበቴን ወደ ጎን ስወስድ ክርኔ ተጎተተ፣ ትከሻዬ ተከተለ፣ ዳሌዬ ወደ ሌላ ሄደ። ከዚያ በፊት ሰውነቴ ሠርቶት የማያውቀው እንቅስቃሴ ወጣ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ በቂጤ ቁጭ አልኩ፣ ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል። እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ከመሃል ሰውነት መነሳት የለበትም፤ ከክርንም ከጆሮም ሊነሳ ይችላል። እሱ የሚለው ይሄንን ነው።

ብቻ እንዳትሸወጂ፤ ክላሲኩን አልጣለውም። ትከሻና ጭንቅላት ከዳሌ በተቃራኒ የሚዞሩበትን ኤፖልማ የሚሉትን የድሮ ነገር ወስዶ ሚዛን እስኪስት ድረስ ገፋው። የምትገፊው ነገር እንዲኖርሽ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ባሩ (ባሌት ሲለማመዱ የሚይዙት አግዳሚ ዘንግ) ጋ መቆም ግድ ነው። እዚህ ላይ አቋራጭ የለም፣ እኔም ፈልጌ አላገኘሁም።

ነገ አንድ የምታውቂውን ቅንብር ውሰጂና ከእግር ሳይሆን ከክርን ጀምሪው። በስልክ ቅረጪው። ከላክሽልኝ እኔም የወደቅኩበትን እልክልሻለሁ።