ስለ ማለፊያ መንገድ ጠይቁኝ፤ ባይፓሱ ከተማችሁን ሲዞር

ቀያሹ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «መንገዱ ከተማችንን ሊዘላት ነው» የሚል መልእክት ከየአቅጣጫው ስለበዛብኝ አንድ ቦታ ተሰብስበን እንነጋገር ብዬ ነው። በመንገድ ቅየሳና ንድፍ 27 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትናንሽ ከተሞችን የሚዞሩ መንገዶች ላይ። ድልድይ ሙያዬ አይደለም። ፖለቲካም አልመልስም። ከሁሉ በፊት ግን፦ ባይፓስ ዳር ቦታ አትግዙ። ይህን ስደጋግም ብትሰሙኝ ምክንያት አለኝ።

የመቂ ልጅ፦ ጋሼ፣ ባይፓስ ለትንሽ ከተማ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ቀያሹ፦ እንዲህ በጥቅሉ ለተጠየቀ መልስ የለኝም። የቷ ከተማ? ከሚያልፈው መኪና ስንቱ ይቆማል? ገበያዋ የሚኖረው ከዙሪያዋ ገጠር ነው ወይስ ከመንገደኛ? እሱን ይዘህ ተመለስ።

እናት ጓዳ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ። አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤትና ስድስት አልጋ አለኝ። ደንበኞቼ የጂቡቲ መስመር ሹፌሮች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከከተማው ጀርባ፣ ማሳው ላይ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሎ አየን። ምን ይጠብቀኛል?

ቀያሹ፦ እህቴ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ችካል ስለተተከለ መንገዱ እዚያ ነው ማለት አይደለም። አንድ መስመር ከመጽደቁ በፊት ሁለትና ሦስት አማራጭ ይቀየሳል። ስለዚህ ገና ጊዜ አለሽ፤ በዚህ ጊዜ ቆጠራ ያዢ።

በደጃችሁ የሚያልፈውን መኪና ለሦስት ክፈይው፦ ሳይቆም የሚያልፍ፣ አረፍ ብሎ የሚያልፍ፣ መድረሻው ከተማችሁ የሆነ። የመጀመሪያውን ባይፓሱ ይወስደዋል። የመጨረሻው የትም አይሄድም። ያንቺ እንጀራ ያለው መሃለኛው ላይ ነው። እኛ ትራፊክ ስንቆጥር ሰባት ቀን እንቆጥራለን፣ ከነዚያ ቢያንስ ሁለቱን ቀንም ሌሊትም። ሌሊቱ ነው እውነቱን የሚናገረው። አንዴ ከተማ መግቢያ ላይ ያለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳድር፣ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። ባለቤቲቱ ተነሥታ በየመሃላቸው ጨርቅ ጠቀጠቀችባቸው። ብርጭቆው ዝም አለ፤ ልጇ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየባነነ ሲያለቅስ አደረ። ሲነጋ 312 ከባድ መኪና መዝግቤ ነበር፤ ደጇ ላይ የቆሙት 14 ናቸው። ያቺ ከተማ ለ14 ደንበኛ ስትል የ312 መኪና ጭስና አደጋ ተሸክማ ታድር ነበር።

ያንቺ ሹፌሮች የሚያድሩት ምግብሽ ስለሚጥም ብቻ እንዳይመስልሽ። ተሳቢውን የሚያቆሙበት ቦታና ሌሊት የሚጠብቅላቸው ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ ወደ ስብሰባው ሁለት ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ፦ ባይፓሱ ከአሮጌው መንገድ ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ከከተማው ጫፍ ምን ያህል ይርቃል? የከባድ መኪና ማቆሚያውስ በየት በኩል ይሠራል? ማቆሚያው በአሮጌው መንገድ በኩል፣ ለመጋጠሚያው ቅርብ ሆኖ ከተሠራ ሹፌሩ ይታጠፋል። ባይፓሱ ላይ ከተሠራ አንቺ ጋ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ይህን ንድፉ ሳይጸድቅ ተናገሩ፤ ኮንትራክተሩ ገብቶ ካምፕ ከተከለ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ባለተሳቢ፦ እኔ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ ነው የምመላለሰው። እውነቱን ልናገር፣ ለእኛ ባይፓስ ይሻለናል። በየከተማው ጉብታ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ። ሙሉ ጭነት ይዤ ልጅ ዘሎ ቢገባብኝ ያን መኪና የሚያቆመው ፍሬን የለም።

እናት ጓዳ፦ ወንድሜ፣ በእኩለ ሌሊት ጎማህ ሲፈነዳ ማን ነው በሩን የሚከፍትልህ? ባይፓሱ ላይ ማን አለ?

ባለተሳቢ፦ እሱስ ልክ ነሽ እትዬ። ግን ልጅ ገጭቼ ከማድር ጦሜን ባድር እመርጣለሁ።

ጎሚስታው፦ ምን ያጣላችኋል? ባይፓሱ ሲከፈት እኔ ኮምፕሬሰሬን ጭኜ እዚያ ነው የምተክለው። ሻይ የምታፈላም አብራኝ ትመጣለች።

ቀያሹ፦ ባይፓሶቻችንን የሚገድላቸው ጎሚስታው አሁን የተናገረው ነገር ነው። እመለስበታለሁ።

ዕድለኛው፦ ጋሼ፣ ባይፓሱ በሚያልፍበት በኩል ከገበሬ 200 ካሬ በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛ?

ቀያሹ፦ አትግዛ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። መስመሩ 50 ሜትር ከተገፋ ወይ ከመንገዱ ወሰን ውስጥ ትገባለህ፣ ወይ ከመንገዱ ርቀህ ትቀራለህ። ገበሬውም ማሳውን ያጣል፣ አንተም ገንዘብህን።

የፕላን ተማሪ፦ ኢንጂነር፣ ከላይ «እመለስበታለሁ» ያሉትን ቢያብራሩልን። ለምንድን ነው ከተማው ከጥቂት ዓመት በኋላ ባይፓሱን ተከትሎ የሚሄደው?

ቀያሹ፦ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙልኝ። ባይፓስን ባይፓስ የሚያደርገው አስፋልቱ አይደለም፣ የመግቢያው ቁጥር ነው። አንድ ከተማ ጀርባ የ6 ኪሎ ሜትር መንገድ ቀይሼ ነበር። ሲመረቅ መግቢያው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ መኪናዬን አዘግሜ ቆጠርኩ፦ 11 መግቢያ። መጀመሪያ ጎሚስታ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ሻይ ቤት፣ ቀጥሎ ብሎኬት ማምረቻ፣ ከዚያ ነዳጅ ማደያ። ማደያው ሲመጣ ባጃጅ መጣ። ባጃጅ ሲመጣ ሰው መሻገር ጀመረ። ሰው ሲገጭ ነዋሪው ራሱ አፈርና ድንጋይ ደልድሎ ጉብታ ሠራ። ጉብታው ከተሠራ በኋላ ባይፓሱ ሁለተኛ አውራ ጎዳና ሆነ፤ አሮጌው ገበያ ደግሞ ለብቻው ቀዝቅዞ ነበር። ያን ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ ብዙ ተቀመጥኩ። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ስለ መግቢያው ግን ሪፖርቱ ላይ አንዲት አንቀጽ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ከዚህ ጋር የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድ አስተያዩት። መስከረም 2007 የተከፈተ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በአሮጌው መንገድ ላይ ትቶ ያልፋል። ዳሩ ላይ ሱቅ የለም። አጥር ስላለው፣ መግባትና መውጣት የሚቻለው በተወሰኑ ማሳለጫዎች ብቻ ስለሆነ፣ እዚያም ክፍያ ስላለ ነው። የሞጆ–ሐዋሳውም በዚሁ አካሄድ የተነደፈ ነው። ለአንዲት ትንሽ ከተማ የ6 ኪሎ ሜትር ባይፓስ ግን አጥርና የክፍያ ጣቢያ የሚያቆምላት የለም። ስለዚህ አጥሩ የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን መሆን አለበት፦ ግንባታ ሁሉ ፊቱን ወደ ውስጥ መንገድ አዙሮ ጀርባውን ለባይፓሱ ይስጥ፤ ቀጥታ መግቢያ ለማንም አይፈቀድ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ባይፓሱ ዳር ቦታ አይምራ።

የፕላን ተማሪ፦ ማዘጋጃ ቤቱ ግን ገቢው ከሊዝ ነው። በጣም ተፈላጊውን ቦታ አልሰጥም ይላል ብለው ያስባሉ?

ጎሚስታው፦ እኛስ የት እንሂድ? ሥራ አጥን ፕላን አያበላውም።

የፕላን ተማሪ፦ ማንም ይጥፋ አላልኩም፤ መጋጠሚያው ላይ የተደራጀ ቦታ ይሰጣችሁ ነው የምለው።

ጎሚስታው፦ «የተደራጀ ቦታ» ሲባል ስንት ዓመታችን!

ቀያሹ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ለዚህ ነው የጎማ ሥራውና ማቆሚያው አንድ ላይ፣ መንገዱ ሳይከፈት በፊት ተዘጋጅተው መገኘት ያለባቸው። መንገዱ ቀድሞ ከተከፈተ ጎሚስታው አይጠብቅም፣ አልፈርድበትምም።

ባለማሳው፦ ካሳስ? የኔ ጤፍ ማሳ መሃል ላይ ነው ችካሉ።

ቀያሹ፦ ባጭሩ፦ በቀድሞው የመሬት ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ 455/1997 ምትክ መሬት ሳይሰጠው ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛ ነበር። እሱን በተካው በ1161/2011 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ይባዛል። ከዚያም ማሻሻያ ስላለ ማን እንደሚከፍልህ ወረዳህን ጠይቅ። ዘንድሮና አምና ያመረትከውን አሁኑኑ በጽሑፍ ያዝ። ችካሉን ደግሞ አትንቀል፤ መስመሩ አይቀየርልህም፣ የምታተርፈው ክስ ነው።

እናት ጓዳ፦ ደንበኛ ለሚቀርብንስ?

ቀያሹ፦ መኪናው ሌላ መንገድ ስለያዘ ገበያው ለቀዘቀዘበት ቤት ካሳ ሲከፈል በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ለዚህ ነው መጋጠሚያውና ማቆሚያው ላይ አጥብቃችሁ ተከራከሩ የምለው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው። ባይፓስ ጥሩ ነው? ዳሩ ላይ ቦታ መያዝስ ያዋጣል?

ቀያሹ፦ ከላይ አንብብ። አትግዛ።

ሐረርጌ፦ የምን ክርክር ነው? መንገድ የዘለላት ከተማ ትሞታለች። ሐረርን ባቡሩ ዘለላት፣ ንግዱ ሁሉ ወረደ።

ቀያሹ፦ እንኳን አነሣኸው። የዚህ አገር ትልቁ ባይፓስ እሱ ነው። ምኒልክ በ1886 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ከሥሯ ካለው ሜዳ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ያን ዳገት በሐዲድ መውጣት ብዙ ወጪ ጠየቀ። በ1895 ባቡሩ ተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ፤ ድሬዳዋ እዚያ ተቆረቆረች፣ መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ተብላ። እንግዲህ መንገድ ከተማ ሲዞር ባዶ ሜዳ አይቀርም፤ ሌላ ከተማ ይወልዳል። ሐረር ግን አልሞተችም። የምትኖረው ከመንገደኛ ብቻ አልነበረምና ነው፦ የጀጎል ገበያ፣ ቡናው፣ የዙሪያዋ ገበሬ ነበራት። አሁንም የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው፤ ከተማችሁ መንገደኛ ባይመጣ ምን ይቀራታል?

የድሬ ልጅ፦ ድሬ የሐረር ግልባጭ አይደለችም፤ ከዚራን ያየ ያውቃል።

ሐረርጌ፦ ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ምንጩን አይርሳ። ቡናው ከማን ነው የሚወርደው?

የድሬ ልጅ፦ አውርዶ የሚሸጥለትስ ማን ነው?

ሐረርጌ፦ አንተ ደግሞ ጀጎልን አንዴ ገብተህ ሳታይ…

ቀያሹ፦ ልጆች፣ ሁለቱንም ከተሞች እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ክርክር ሌላ ቀን። ወደ ባይፓሱ እንመለስ።

የመቂ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሁን ይዤ መጣሁ። የኛ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው፣ ከማሳ የሚመጣ። ሰኞ ስቆጥር አይሱዙዎቹ የሚጭኑት እዚሁ ነው።

ቀያሹ፦ ጎበዝ። እንግዲያው መድረሻቸው ከተማህ ነው፤ ባይፓስ አይጎዳችሁም። እንዲያውም የሚያልፈው ተሳቢ ሲቀርላችሁ መጫኛ ቦታ ይሰፋላችኋል። የምትጎዳው በፌስታል ይዛ በመኪና መስኮት የምትሸጠዋ ናት። ለእሷ መጋጠሚያው ላይ ጥላ ያለው መሸጫ ጠይቁላት።

ሜዳ ሰፈር፦ ድልድዩ ስንት ብር ይፈጃል?

ቀያሹ፦ ድልድይ ሙያዬ አይደለም ብያለሁ።

ሜዳ ሰፈር፦ ይቅርታ። ሌላ ልጠይቅ፦ ሰፈራችን ሜዳ ነው፣ ክረምት ውሃው በስሱ ተነጥፎ ነው የሚያልፈው። ባይፓሱ በላይ በኩል ነው የሚመጣው።

ቀያሹ፦ እሱ ያሳስበኛል። ከፍ ተደርጎ የተሞላ መንገድ በሜዳ ላይ ግድብ ማለት ነው። ተነጥፎ ይመጣ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በሁለት ቱቦ ይለቅባችኋል፣ ማን ቤት ላይ እንደሚለቀው ደግሞ ቱቦው ያለበት ቦታ ይወስናል። ቀያሾች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በበጋ ነው፤ ውሃውን አያዩትም። ነሐሴ ላይ ውሃው የደረሰበትን ግድግዳ በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፣ ለአማካሪው መሐንዲስ አስረክቡ። ትንንሽ ቱቦ በየመቶ ሜትሩ ጠይቁ እንጂ አንድ ትልቅ ብቻ አትቀበሉ።

ባለማሳው፦ ከብቶቼስ? ወንዙ በወዲያ ማዶ ነው የሚሆንብኝ።

ቀያሹ፦ ከሥር ማሳለፊያ ይሠራል። ከብት ጨለማ ውስጥ አይገባም፤ ወዲያ ማዶ ብርሃን መታየት አለበት፣ ወለሉም ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ቦታውን የሚያውቀው እረኛው ነው። ቀያሾቹ ሲመጡ ልጅህን አስከትልና ከብቶቹ ዘወትር የሚወርዱበትን ዱካ በእግሩ እየሄደ ያሳያቸው።