የትናንቱን ጸሎት ዛሬ ልክፈለው?

ጥያቄ፦ ጸሎት በጀመርኩ ቁጥር ሳምንት ሳይሞላኝ አቋርጣለሁ። ስጸልይም ሐሳቤ ይበታተናል። እምነቴ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ከእምነትዎ በፊት የያዙትን ልክ ይመርምሩ። ብዙ ሰው ልቡ በጋለበት ሰሞን በቀን አንድ ሰዓት ብሎ ይነሣል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ሰዓቱ ይከብደዋል። በደከሙበትና በቸኮሉበት ቀን እንኳ የማያቅትዎትን ያህል ይያዙ፤ ለጀማሪ 10 ደቂቃ ይበቃል። «ጊዜ ሳገኝ» የተባለ ጸሎት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዙት፦ ፊትዎን እንደታጠቡ፣ ስልክ ሳይነኩ። ስልኩ ሌላ ክፍል ቢያድር ይመረጣል።

ቃል ሲጠፋ መዝሙረ ዳዊት አለልዎ። 150 መዝሙር በቀን አንድ አንድ ሲደርስ 5 ወር ያህል ይወስዳል። 118ኛው (በዕብራይስጡ ቁጥር 119ኛው) 176 ቁጥር ስላለው በአንድ ቀን አይሞክሩት፤ ራሱ ስምንት ስምንት ቁጥር እየሆነ በ22 ተከፍሏል። ድምፅ እያሰሙ ያንብቡ፤ ዓይን ብቻውን ሲያነብ ሐሳብ ቶሎ ያመልጣል። ሲያመልጥ ከመጀመሪያው አይጀምሩ፤ ካቆሙበት ቁጥር ይቀጥሉ። «ለእገሌ መደወል አለብኝ» የሚለው ሐሳብ ከተመላለሰ በአንድ ቃል ወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ ያኔ ይለቅዎታል። ሐሳብ መበተን በረሃ የገቡትንም አልማረም። መነኩሴው ዮሐንስ ካሲያን ከግብፅ መነኮሳት ተምሮ በ5ኛው መቶ ዘመን የጻፈው መድኃኒት የ69ኛውን (70ኛውን) መዝሙር የመጀመሪያ ልመና፣ እግዚአብሔር ለመርዳት እንዲፈጥን የሚጠይቀውን፣ ቀኑን ሙሉ መደጋገም ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ግን ባመለጠው ቀን ማግስት ነው። የትናንቱን ከዛሬው ደርቦ ሊከፍል ይነሣል፤ 10 ደቂቃው 20፣ ከዚያ 30 ይሆናል፤ በመጨረሻ ሁሉንም ይተወዋል። ያመለጠው አይተካም፤ የዛሬውን ብቻ ያድርሱ። ምንም ሳይሰማዎት የሚጸልዩበት ጊዜ ሲመጣ 87ኛውን (88ኛውን) ያንብቡ፤ በሐዘን የሚያልቅ ጸሎት ነው፣ ሆኖም ከምስጋናዎቹ ጋር ተቀምጧል። ሐዘኑ ሳምንታት ከዘለቀና እንቅልፍና ምግብ ከነሣዎት ግን ሐኪም ይዩ። እዚህ ላይ «ጸሎት ጨምር» ብቻ ማለት ሰውን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ያበደርኩትን አልመለሰልኝም፤ ይቅር አልኩት። አሁን ሌላ ብድር ጠየቀኝ። እምቢ ብል ይቅርታዬ ውሸት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቂምን መተው የእርስዎ ነው፤ አመኔታን መልሶ ማግኘት ደግሞ የእሱ ሥራ ነው። ዮሴፍም ወንድሞቹን ፈትኗቸዋል፤ ማንነቱን የገለጠው ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ካለ በኋላ ነው (ዘፍጥረት 44–45)።

ዕዳውን ለመጠየቅ የማቴዎስ 18፥15–17ን ተራ ይከተሉ፦ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሮ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ብዙዎቻችን ከታች ወደ ላይ እንሄዳለን፤ ባለጉዳዩ የሚሰማው ሁሉም ካወቀ በኋላ ይሆናል። ሲያነጋግሩት «አንተ ሁልጊዜ» አይበሉት። «በዚህ ቀን ይህን ያህል ወስደሃል፤ መቼ ትመልሳለህ?» ይበቃል። ዛቻ ወይም ዱላ ካለ ግን ብቻዎን አይሂዱ፤ ይህ ጉዳይ የሕግ ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ያላለቀ ሥራ «አልቋል» ብዬ እንድፈርም ይጠይቀኛል።

መልስ፦ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ይመልከቱ። በንጉሡ ምግብ እንዳይረክስ ሲለምን አለቃው ፈርቶ ቢያመነታም ዳንኤል አልጮኸም፤ ወደ ተቆጣጣሪው ሄዶ የ10 ቀን ሙከራ አቀረበ። እርስዎም ከፊርማው ቀን አስቀድመው፣ ሰው በሌለበት፣ ሌላ መንገድ ይዘው ይግቡ፦ «ያለቀውን እፈርማለሁ፤ የቀረውን በሂደት ላይ ብዬ ልጻፈው።» የተባባሉትንም በጽሑፍ ያስቀሩ። ላይሠራ ይችላል፤ ሥራዎን ሊያሳጣዎትም ይችላል። ስለዚህ ከቤተሰብዎ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ፣ ሌላ ሥራም ከአሁኑ መፈለግ ይጀምሩ።