ምስል ይለካል፣ ጨረር ይመጠናል

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው የምጽፈው። የጨረር ሕክምና ለሚወስዱ ታካሚዎች የሚታደል ማብራሪያ እያዘጋጀን ነው። «መጠናዊ ምስል የዕጢውን መጠን ስለሚያሳይ የጨረሩ መጠን በመጠኑ ይወሰናል» ብለን ጻፍን። አንድ ታካሚ አንብበው «እንግዲያው ዕጢው ሲያንስ ጨረሩም ይቀነስልኛላ» አሉን። ጥፋቱ የአማርኛው ነው ወይስ የሐሳቡ? «መጠናዊ» ይሻላል ወይስ «ልኬታዊ»?

መልስ፦ የአማርኛው ነው። «መጠን» አራት ጊዜ ገብቶ አራቱም ቦታ ሌላ ሥራ ይዟል፤ በቁጥር መገለጽን፣ ግዝፈትን፣ የሚሰጠውን ጨረር። አራተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ «በመጠኑ ተሻለኝ» ያለ ሰው ጥቂት ተሻለኝ ማለቱ ነውና፣ ጨረሩ «በመጠኑ ይወሰናል» ሲባል በከፊል ይወሰናል ተብሎም ይነበባል።

መፍትሔው ግሦቹ ዘንድ አለ። እህል በቁና ይሰፈራል፣ ቡና በፈረሱላ ይመዘናል፣ ጨርቅ በሜትር ይለካል። (አፋን ኦሮሞም መለካትን «ሰፈሩ» ስለሚለው የጅማ አንባቢ ለዚህ ግሥ እንግዳ አይደለም።) ሦስቱም ያለውን ነገር ስንት እንደሆነ ማወቅ ናቸው። መመጠን ግን ሌላ ነው። ምጥን ሽሮ የምታዘጋጅ ሴት ከአተሩ ይህን ያህል፣ ከቅመሙ ይህን ያህል ብላ ትወስናለች። ለካ፦ ያለውን አወቀ። መጠነ፦ ሊኖር የሚገባውን ወሰነ።

የእናንተም ሥራ በዚሁ ይከፈላል። ሲቲ ስካኑ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የሃውንስፊልድ ቁጥር አለው፤ ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ጠንካራ አጥንት ከዜሮ በላይ ብዙ መቶ። ኮምፒውተሩ ከዚህ ቁጥር እፍግታን (የአካሉን ጥቅጥቅነት) አውጥቶ ጨረሩ በየአካሉ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚዋጥ ያሰላል። ይህ ልኬት ነው፤ ስለዚህ «ልኬታዊ ምስል» ይበሉት። ሐኪሙ በየቀኑ 2 ግሬይ (ግሬይ አካሉ የሚውጠው ጨረር መለኪያ ነው)፣ 25 ጊዜ፣ በድምሩ 50 ግሬይ ብሎ ሲያዝዝ ግን መጥኗል። «መጠን»ን ለዚህ ብቻ ይተዉለት፤ «የመድኃኒት መጠን» ከማለትም ጋር ይስማማል። ለዕጢው «ግዝፈት» በቂ ነው። የትምህርት ቤቱ «ይዘት» በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ለሚያሰላ ባለሙያ ይሁን፤ ታካሚ «የዕጢው ይዘት» ቢባል ውስጡ ያለውን ነገር ነው የሚያስበው።

ለባለሙያ ስትጽፉ ሦስተኛ ቃል ያስፈልጋችኋል፤ «ምጣኔ»። በፔት ምስል (የተወጋ ጨረር አመንጪ መድኃኒት የት እንደተሰበሰበ በሚያሳየው) ላይ ዕጢው የሰበሰበው ስኳር መሰል መድኃኒት የሚገለጸው በምጣኔ ነው፤ ያ ቦታ የያዘው፣ የተወጋው በሙሉ በአካሉ ላይ እኩል ቢሰራጭ ሊይዘው ከሚችለው ጋር ተነጻጽሮ። እኩል ከሆነ 1 ይሆናል። ስሌቱ ውስጥ የታካሚው ክብደት ስለሚገባ 60 ኪሎው በስሕተት 66 ተብሎ ቢመዘገብ ምጣኔው በ10 በመቶ ያብጣል፤ ዕጢው ግን ያው ነው። ይህን ቁጥር «መጠን» ብትሉት አንባቢው ስሕተቱን ክብደት መዝገቡ ላይ ሳይሆን መርፌው ላይ ይፈልገዋል።

የልኬት ስሕተትንም «የተሳሳተ ምስል» አትበሉት። ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) የተወጋ ሰው ምስል ጥርት ያለ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከፍ ስለሚል ኮምፒውተሩ አካሉን ካለው እፍግታ በላይ ይቆጥረዋል። የብረት ጥርስ ግን ምስሉንም ቁጥሩንም ያበላሻል። የመጀመሪያው «የተዛባ ልኬት»፣ ሁለተኛው «የተዛባ ምስል» ነው።

ለታካሚዎቹ እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ከሲቲ ስካኑ ላይ የዕጢውን ቦታና ግዝፈት እንለካለን። ሐኪሙ ያዘዘው የጨረር መጠን ዕጢው ላይ እንዲያርፍ፣ ጤነኛው አካል እንዲተርፍ በዚሁ ልኬት እናቅዳለን። የዕጢው ግዝፈት በሕክምናው መሐል ቢቀንስ ዕቅዱ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ የታዘዘልዎ ጨረር ግን በዚህ ብቻ አይቀነስም።» («በተቻለ መጠን» ልል አሰኝቶኝ ነበር፤ ተውኩት።)

ሌላም ነገር ጨምሩ። «ራጅ» የመጣው ጣልያኖች ጨረርን ከሚጠሩበት ቃል ነውና ታካሚው ምስል መነሣትንና የጨረር ሕክምናን ቢቀላቅል አይፈረድበትም። ለዕቅድ ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ሕክምናው የተጀመረለት ሊመስለው ይችላል። ሲቲ ስካን ይነሡታል፣ ጨረር ይወስዱታል፤ ወረቀቱ ላይ ሁለቱን ግሦች አታቀያይሩ።