መልስ፦ ለጥምቀት ጎንደር መቼ ልድረስ? ሸክላና ጋቢስ?

ወንድሜ፣ ለጥምቀት መቼ ልድረስ፣ ሸክላና ጋቢስ እንዴት ልምረጥ ላልከው፦ ጥር 9 ግባ። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ባጃጅ አትጠብቅ፣ በእግርህ ሂድ። ጥር 11 ውኃው የሚባረከው በጠዋት ነው፤ ጥሩ ቦታ የሚይዘው ጎህ ሳይቀድ የደረሰ ነው። ብዙ እንግዳ በዚያው ቀን ሻንጣውን ይሸክፋል፤ ቅዱስ ሚካኤል የሚገባው ግን ጥር 12 ነው፣ ጭፈራውም ገና አላለቀም።

ለሸክላ በደባርቅ መንገድ ከከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ትሻልሃለች። ጀበናውን በጥፍርህ መታ መታ አድርገው፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ በደንብ ተተኩሷል፣ ድምፁ ከታፈነ ወይ ተሰንጥቋል ወይ አልበሰለም። ከዚያ ውኃ ሞልተህ ጡቱና ጆሮው የተቀጠሉበትን ዳር ዳር እይ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው እዚያ ጋ ነው። ቤት ስትገባ ባዶውን እሳት ላይ እንዳትጥደው፤ ድንገተኛ ሙቀት ያፈነዳዋል።

ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጫፉን ገልጠህ ቁጠር። ባለጥለት ነጠላ ከሆነ ደግሞ ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሸው፤ ቀለም ከለቀቀ ተወው፣ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል።