ከኤስ9 ወደ ኤስ10 የተዛወረች ዋናተኛ ምን ማድረግ ትችላለች?

ጥያቄ፦ የግራ እግሯ ጡንቻ ደካማ የሆነው ልጄ በፓራ ዋና (በአካል ጉዳተኞች የዋና ውድድር) ኤስ9 ምድብ ስትወዳደር ቆይታ፣ በቅርቡ በተደረገላት ዳግም ምርመራ ጉዳታቸው ቀለል ያለ ዋናተኞች ወደሚወዳደሩበት ኤስ10 ተዛወረች። ሰዓቷን በማሻሻሏ የተቀጣች ይመስለኛል። ጉዳቷ የቀለለ የምትመስለኝ የሌላ አገር ተፎካካሪዋ ግን በኤስ9 ቀርታለች። ክስ መመሥረት እንችላለን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ምድብ የሚወሰነው ጉዳቱ በዋና ላይ በሚያስከትለው እክል መጠን እንጂ በሰዓት ባለመሆኑ፣ የውጤት መሻሻል ብቻውን ለዝውውር ምክንያት ሊሆን አይገባም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ የአካል ጉዳት ያለባቸው ዋናተኞች ከ300 ነጥብ ተመዝነው ከ241 እስከ 265 ያገኙት በኤስ9፣ ከ266 እስከ 285 ያገኙት በኤስ10 ይመደባሉ። የቁርጭምጭሚቷ ጡንቻ ጉልበት ከአምስት ሦስት ነው ወይስ አራት የሚለው የመርማሪው ግምት ብቻ ምድቧን ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የነጥብ አሰጣጡን ማብራሪያ በብሔራዊ ፌዴሬሽናችሁ በኩል ይጠይቁ።

ቀጥሎ ተቃውሞንና ይግባኝን አያምታቱ፤ ብዙ ወላጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ምድቡ ራሱ ስህተት ነው የሚል አቤቱታ ተቃውሞ ይባላል፤ የሚያቀርበውም እርስዎ ሳይሆኑ ብሔራዊ ፌዴሬሽናችሁ ነው፤ አቅራቢው ከረታ የሚመለስ ክፍያ በማስያዝ በደንቡ በተወሰነው አጭር ጊዜ ውስጥ ሲቀርብ፣ በመጀመሪያው ምርመራ ያልተሳተፉ ባለሙያዎች ልጅዎን እንደ አዲስ ይመረምሯታል። ይግባኝ ግን ሥነ ሥርዓቱ ተጥሷል ለሚል ክርክር ብቻ የተተወ ነው፤ ሰሚው አካል ውሳኔውን ቢሽርም በራሱ ምድብ አይሰጥም። መርማሪዎቹ ሰዓቷን እንደ ምክንያት መጥቀሳቸውን የሚያሳይ ጽሑፍ ካለዎት፣ ለይግባኙ ከእሱ የተሻለ መነሻ አይኖርዎትም።

ተፎካካሪዋን በሚመለከት፣ የእናንተ ፌዴሬሽን በሌላ አገር ዋናተኛ ምድብ ላይ በቀጥታ ተቃውሞ ማቅረብ አይችልም፤ በማስረጃ የተደገፈ ጥያቄ ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ማቅረብ ግን ይችላል። ጉዳትን ሆን ብሎ አጋኖ ማሳየት ራሱን የቻለ ከባድ ጥፋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የሲድኒ ፓራሊምፒክ ጨዋታዎች የስፔን ቅርጫት ኳስ ቡድን አብዛኞቹ ተጫዋቾች የአእምሮ እድገት ውስንነት እንደሌለባቸው ከታወቀ በኋላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ምድቡ እስከ 2012 የለንደን ጨዋታዎች ድረስ ከፓራሊምፒክ መውጣቱ ይታወሳል። ሆኖም ከዳር ሆኖ ያዩት ዋና ማስረጃ አይሆንም፤ ውኃ ውስጥ ቀላል የሚመስል ጉዳት በምርመራ አግዳሚ ላይ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ክሱን በአደባባይ ቢያሰሙ በስም ማጥፋት ሊጠየቁ ስለሚችሉ ዝምታን እመክራለሁ።

በመጨረሻም በምደባ ሰነዱ ላይ ከምድቡ ጎን የተጻፈውን የምደባ ሁኔታ ያረጋግጡ፤ «ክለሳ» የሚል ከሆነ ምርመራው እንደገና ይመጣል፤ «የተረጋገጠ» የሚል ከሆነ ግን በሕክምና ማስረጃ የጉዳቱን መለወጥ አሳይታችሁ ግምገማ መጠየቅ ይኖርባችኋል።