ቦሌ አራብሳ፦ ስለ ሰፈራችን ጸጥታ ለጠየቃችሁኝ

በብሎካችን ኮሚቴ የጸጥታውን ሥራ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ንጋት 11 ሰዓት ወደ አውቶቡስ ስወርድ እፈራለሁ። ስልክ የሚቀሙት በዚያ ሰዓት ነው።

መልስ፦ መፍራትሽ ልክ ነው እህቴ። በዚያ ሰዓት ከቤት የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም ለየብቻው ይሄዳል። በአንድ ደረጃ የምትወርዱ ጎረቤቶች ሦስት አራት ሆናችሁ ተቀጣጠሩ። ኪዳን የሚሄዱ እናቶችም በዚያው ሰዓት ይወጣሉ፤ አብረሻቸው ውረጂ። የጠፋውን የመንገድ መብራት ደግሞ ምሰሶው ያለበትን ቦታ ጠቅሳችሁ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ።

ጥያቄ፦ ሌባ እጅ ከፍንጅ ብንይዝስ? ፖሊስ እንደሆነ በማግስቱ ይለቀዋል።

መልስ፦ መያዝ ይቻላል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50፣ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ሰው ያለ ትእዛዝ እንዲይዘው ይፈቅዳል። የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። መደብደብ ፈጽሞ አይቻልም! አንድ ልጅ በደቦ ተደብድቦ ቢሞት ደሙ በሁላችን እጅ ነው፤ በሕግም ተጠያቂው የመታው ነው።

ስለ መለቀቁ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በዚያች አጭር ጊዜ ተበዳዩ «ጊዜ የለኝም»፣ ያየው ሰው «አላየሁም» ካሉ መርማሪው ምን ይዞ ይቀርባል? እባካችሁ፣ የዚያኑ ዕለት ሄዳችሁ ቃል ስጡ። ጥቂት ሰዓት ቢፈጅባችሁም ስጡ።

ጥያቄ፦ ዘበኛ ቀጥረንም የውሃ ቆጣሪ ተሰረቀ።

መልስ፦ ዘበኛው ማን ነዋሪ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ በምን ይለይ? እኛ በኮንዶሚኒየም ዕጣ የተገናኘን ሰዎች ነን፤ ተከራዩም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ቆጣሪ ፈቺው ቀን በቀን መፍቻውን ይዞ ቢገባ የቧንቧ ሠራተኛ ይመስለናል። ስለዚህ አከራዮች አዲስ ተከራይ ሲገባ ለኮሚቴው አሳውቁ፤ ሠራተኛ የሚያስመጣም አስቀድሞ ለዘበኛው ይንገር። ዕድር መግባትም ይረዳል፤ ለቅሶ አብሮ የደረሰ ሰው የጎረቤቱን ልጅ በመልክ ያውቃል። ለዘበኛው ደግሞ ደመወዙን በወቅቱ ክፈሉት፣ ባትሪና ፊሽካም ስጡት።

ጥያቄ፦ ስልክ በርካሽ አግኝቼ ልገዛ ነው።

መልስ፦ ተው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ያስቀጣል። ገዢ ባይኖር ቀሚውም ባልበዛ። የራስህን ስልክ መለያ ቁጥር ግን *#06# ደውለህ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ከጠፋብህ ለፖሊስ ትሰጠዋለህ።

ጥያቄ፦ የድንገተኛ ቁጥሮቹ?

መልስ፦ ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ስትደውሉ የብሎክ ቁጥራችሁን አስቀድሙ።